ለገጠር ጤና ጣቢያ ድጋፍ ማፈላለግ፦ በጎንደር ዙሪያ ለምትሠሩ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የለውም። መብራት በጠፋ ቁጥር የክትባት ፍሪጁ ያሰጋል። የሕክምና ዕቃ በእንፋሎት የሚያጸዳው አውቶክሌቭ ከተበላሸ ሰነባብቷል። በደምቢያ፣ በጭልጋ፣ በጃናሞራ ወይም በምሥራቅ በለሳ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚሠራ ሰው ይህን ዝርዝር በቃሉ ያውቀዋል። ወረዳው "በጀት የለም" ይላል። ከዚያ በስብሰባ ላይ አንዱ ይነሳና "ለምን ለዶነር ፕሮፖዛል አንጽፍም?" ይላል።

ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ሥራው ከጫፉ መጀመሩ ነው። ስልክ ይከፈታል፣ የአንድ ትልቅ የውጭ ድርጅት ስም ይገኛል፣ ሠላሳ ገጽ ይጻፋል፣ ይላካል። መልስ አይመጣም። ከዚያ "ሰው ከሌለህ አይሆንም" ተብሎ ነገሩ ይዘጋል።

እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ከቅርብ ጀምሩ። መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን ገንዘብ፣ ቀጥሎ የወረዳውን፣ ቀጥሎ የጎረቤቱን፣ የውጭውን መጨረሻ ላይ። ምክንያቱም ማንኛውም የውጭ ሰጪ ቀድሞ የሚጠይቀው "እናንተስ ምን አዋጣችሁ?" ብሎ ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ ይዞ የሚቀርብ ሰው ወረፋው ላይ ቀድሞ ይቆማል።

ደረጃ 1፦ ማን ሆናችሁ እንደምትጠይቁ ለዩ

ይህን የሚዘለው ብዙ ነው። ግን ግማሹን ውድቀት የሚያመጣው እሱ ነው።

የመንግሥት ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ከሆናችሁ የወረዳው ጤና መዋቅር አካል ናችሁ። ስለዚህ ከውጭ ድርጅት ጋር ብቻችሁን ውል ለመፈራረም አትነሱ። ሐሳቡን የምታመነጩት እናንተ ናችሁ፣ ፕሮፖዛሉንም ልትጽፉ ትችላላችሁ። ፊርማው ግን በወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና በገንዘብ ጽሕፈት ቤት በኩል ያልፋል። እንደ ፕሮጀክቱ ስፋት ዞንና ባሕር ዳር ያለው ጤና ቢሮም ይገባበታል። ይህን አስቀድማችሁ ካወቃችሁ የጽሕፈት ቤት ኃላፊውን ከመጀመሪያው ቀን ታስገቡታላችሁ። ፕሮፖዛሉ ካለቀ በኋላ "እዚህ ጋ ፈርምልን" ብሎ መሄድ ግን ሰውን ያስቀይማል። ልክ ነውም፣ ያስቀይማል።

አገር በቀል ድርጅት ከሆናችሁ ወይም ልታቋቁሙ ካሰባችሁ የምትመዘገቡት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። መሠረቱ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ይህ አዋጅ የቀድሞውን ጠባብ ሕግ ተክቶ የውጭ ገንዘብ ለማግኘት መንገዱን ሰፋ አድርጎታል። አስተዳደራዊ ወጪ ላይ ግን የ20 በመቶ ጣሪያ አስቀምጧል። የምዝገባው መስፈርት ሊሻሻል ስለሚችል ፎርም ከመሙላታችሁ በፊት እዚያው ባለሥልጣኑ ዘንድ ወቅታዊውን ጠይቁ። ደግሞ ለአንድ ፕሮጀክት ተብሎ አዲስ ድርጅት ማቋቋም እኔ አይታየኝም። ኦዲት አለ፣ ዓመታዊ ሪፖርት አለ፣ ቦርድ አለ። በአካባቢያችሁ ከሚሠራ ከተመዘገበ ድርጅት ጋር መጣመር ይቀላል።

የግል ክሊኒክ ከሆነ እውነቱን ልንገራችሁ። ለትርፍ ለሚሠራ ተቋም በነፃ ገንዘብ የሚሰጥ እምብዛም የለም። የሚገኘው በዓይነት ነው። ለምሳሌ ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ጋር ተስማምቶ የቲቢ ሕክምና ወይም የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት መስጠት ይቻላል። መድኃኒቱ፣ ሥልጠናውና ክትትሉ ከመንግሥት ይመጣል፣ ታካሚውም ለመድኃኒቱ አይከፍልም። ከዚያ ውጭ ያለው ብድር ነው። ገጠር ድረስ የሚደርሰው የቀድሞው አብቁተ፣ የአሁኑ ፀደይ ባንክ ይጠየቃል፣ ወለዱና ማስያዣው በደንብ ይሰላል።

ደረጃ 2፦ አንድ ችግር ምረጡ፣ በቁጥር ተናገሩት

"ጤና ጣቢያችን ብዙ ችግር አለበት" የሚል ደብዳቤ ማንንም አያንቀሳቅስም። ሁሉም ጤና ጣቢያ ብዙ ችግር አለበት። ሰጪው የሚፈልገው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የሚያየው አንድ ነገር ነው።

ምሳሌ ላምጣ። እንበልና ጤና ጣቢያችሁ በወር ወደ ሠላሳ እናቶች ያዋልዳል። ማዋለጃ ክፍሉ ውሃ የለውም። ውሃ በጀሪካን የሚያመጣው አስታማሚ ነው። አንደኛው አጻጻፍ "የእናቶችን ጤና ለማሻሻል የመሠረተ ልማት ድጋፍ እንጠይቃለን" ነው። ሁለተኛው ደግሞ "በወር ሠላሳ እናቶች ውሃ በሌለው ክፍል ይወልዳሉ፤ ከ400 ሜትር ርቀት ቧንቧ ስበን፣ ሁለት ሮቶ ተክለን፣ ማዋለጃ ክፍሉ፣ መጸዳጃ ቤቱና የእናቶች ማቆያው ውሃ እንዲያገኙ እናደርጋለን" ነው። ሁለተኛውን ያነበበ ሰው ወዲያው ዋጋውን ማስላት ይጀምራል። እናንተም የምትፈልጉት ይህንኑ ነው።

ቁጥሩን የምታመጡት ከራሳችሁ መዝገብ ነው። የማዋለጃ መዝገብ፣ የቅድመ ወሊድ ክትትል መዝገብ፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና መረጃ መመዝገቢያ ሥርዓቱ) የምትልኩት ወርሃዊ ሪፖርት አለ። ቢያንስ የአንድ ዓመት ቁጥር በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉ። መዝገቡና ሪፖርቱ ካልተስማሙ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ። ለጉብኝት የሚመጣ ገምጋሚ የማዋለጃ መዝገቡን ገልጦ መቁጠሩ አይቀርም።

ጎንደር ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ያለ ጤና ጣቢያ የማያገኘው ዕድል አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት የተጀመረው በ1947 ዓ.ም. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት ነው። ለመቋቋሙ አንዱ ገፊ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ነበር። ኮሌጁ የቆመው በመንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ ትብብር ነው። (ስለዚህ "ከውጭ ድጋፍ መጠየቅ ለእኛ አዲስ ነው" የሚል ሰው ካለ ታሪኩን አላየም።) ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የዘለቀ አንድ ልማድ አለ፤ ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ወረዳዎች ይወጣሉ፣ የማኅበረሰቡን ችግር ያጠናሉ፣ ግኝታቸውን ያቀርባሉ። እናንተ ጋ ተማሪ ወጥቶ ከሆነ የጥናቱን ቅጂ ጠይቁ። ሰው ደክሞ ያጠናው የቀበሌያችሁ ጉዳይ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ዳባት ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሕዝቡን ልደት፣ ሞትና ጤና የሚከታተልበት የምርምር ማዕከል አለ። የአካባቢውን መረጃ ማነጻጸሪያ ስትፈልጉ ከዚያ የወጡ ጽሑፎችን ተመልከቱ።

ደረጃ 3፦ ቤት ውስጥ ያለውን ገንዘብ ቁጠሩ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። ግን ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ነው።

በጤና ፋይናንስ ማሻሻያው መሠረት ጤና ጣቢያ የሰበሰበውን የአገልግሎት ክፍያና የመድኃኒት ሽያጭ ለራሱ ማስቀረት ይችላል። ወጪውን የሚወስነው የሥራ አመራር ቦርዱ ነው። ገንዘቡ የመንግሥትን መደበኛ በጀት የሚተካ አይደለም፤ በላዩ የሚጨመር ነው። ለምን እንደሚውልና ለምን እንደማይውል መመሪያ አለው። ቦርዱ በየጊዜው ካልተሰበሰበ ገንዘቡ አካውንት ውስጥ ይተኛል። ገንዘብ እያለ አምፖል የሚለምን ጤና ጣቢያ አለ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሒሳብ ሹሙ ጋ ሄዶ "ስንት አለን? ቦርዱ ስንቱን አጽድቋል?" ማለት ነው።

ሁለተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሲሞከር ከጎንደር ብዙ የማትርቀው ፎገራ አንዷ ነበረች። ዛሬ ከታካሚዎቻችሁ ብዙዎቹ የመድህን አባል ናቸው። ለእነሱ የሰጣችሁትን አገልግሎት ሒሳብ ከመድህኑ ትጠይቃላችሁ። ገንዘቡ የሚቀንሰውና የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በወረቀት ጉድለት ነው። የመታወቂያ ቁጥር ያልተጻፈበት ካርድ አለ። ከምርመራው ጋር የማይገናኝ ማዘዣ አለ። ፊርማ የጎደለው ደረሰኝ አለ። ካርድ ክፍልና ፋርማሲ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው ያለፈውን ሩብ ዓመት ውድቅ ወረቀቶች ቢያዩ ለአንድ ሮቶ የሚበቃ ብር ሊገኝ ይችላል። የነፃ ታካሚዎችንም ሒሳብ አትርሱ። ወረዳው የሚከፍለው ዕዳ ነው።

ሦስተኛው የወረዳው ዕቅድ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያበቃል። ወረዳ ተኮር ዕቅዱ የሚዘጋጀው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በበጋውና በበልጉ ወራት ነው። ጥያቄያችሁን ግንቦት መጨረሻ ላይ ካመጣችሁ ዘግይታችኋል። ጥር ላይ አምጡት። ዕቅዱ ውስጥ የገባ ችግር ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ በጀት ሊያገኝ ይችላል። ሁለተኛ ባያገኝ እንኳ የውጭ ሰጪ "ይህ በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ አለ?" ሲል ገጹን ታሳያላችሁ።

በዚህ መንገድ የሚመጣው የወረዳው ብር ብቻ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው የዘላቂ ልማት ግቦች ፈንድ፣ ሰው "ኤስዲጂ" የሚለው፣ የብዙ ለጋሾች ገንዘብ አንድ ላይ የሚጠራቀምበት ቋት ነው። ኤችአይቪን፣ ቲቢንና ወባን ለመከላከል የሚረዳው ግሎባል ፈንድና የክትባት ጥምረቱ ጋቪም የሚሠሩት በአመዛኙ በሚኒስቴሩ በኩል ነው። ለእነዚህ ጤና ጣቢያ ፕሮፖዛል አይጽፍም። የእናንተ ማመልከቻ ሪፖርታችሁ ነው። ጋቪ ከዩኒሴፍ ጋር ጤና ተቋማትን በሶላር ለማብራት የመረጣቸው አራት አገሮች ኢትዮጵያ፣ ፓኪስታን፣ ኡጋንዳና ዛምቢያ ናቸው። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ተቋም የሚመረጠው ከመረጃ ነው። መብራት እንደሌላችሁ፣ ፍሪጃችሁ እንደማይሠራ መረጃው ላይ ካልሰፈረ ማን ያውቅላችኋል? የተበላሸ ዕቃን "አለ" ብሎ ሪፖርት ማድረግ ራስን ከወረፋው ማውጣት ነው።

ደረጃ 4፦ ጎረቤቱን ጠይቁ

አልማን ታውቁታላችሁ። አባላት ከደመወዛቸውና ከምርታቸው የሚያዋጡለት የልማት ማኅበር ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ ይሠራል። የወረዳ ጽሕፈት ቤት አለው። ጥያቄያችሁ ግንባታ ነክ ከሆነ እዚያ ሳትደርሱ አዲስ አበባ አትሂዱ።

ኅብረተሰቡ ራሱ ደግሞ አለ። የእናቶች ማቆያን አስቡት። በብዙ ቦታ እህሉ፣ ማገዶው፣ የገንፎው ዱቄት ከቀበሌው ነው የሚመጣው። ይህን መዝግቡት። ስንት ኩንታል፣ ስንት ሸክም፣ ስንት የሰው ጉልበት። በገበያ ዋጋ ተምኑና ፕሮፖዛሉ ላይ "የማኅበረሰቡ መዋጮ" በሚለው መስመር ላይ አስገቡት። ለቧንቧ መስመር ቦይ የቆፈረ የቀበሌ ወጣት ገንዘብ አዋጥቷል ማለት ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ ይህን ሳይጽፍ "የራሳችን መዋጮ፦ የለም" ብሎ ይልካል። ያሳዝናል።

ከአካባቢው የወጡ፣ ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎችም አሉ። እዚህ ላይ ምክሬ አንድ ነው። ለአንድ ግለሰብ የግል አካውንት ገንዘብ አታሰባስቡ። በወረዳው ወይም በተመዘገበ ድርጅት አካውንት ይሁን፣ ደረሰኝ ይቆረጥ፣ ዕቃው ሲገዛ ፕሮፎርማው ይላክ። ዲያስፖራው የሚሸሸው መስጠትን አይደለም፤ የት እንደገባ የማይታወቅ ገንዘብን ነው።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲን እንደገና ላንሳው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎችና ሆስፒታሎች ጋር የቆየ ግንኙነት አለው። ከእንግሊዟ ሌስተር ሆስፒታሎች ጋር ያለው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የዘለቀ ነው። ካናዳ ካለው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ደግሞ በማስተርካርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በአካል ጉዳተኝነትና በተሐድሶ ላይ ሠርቷል። አንድ ጤና ጣቢያ ብቻውን ሊያገኘው የማይችለውን የምርምር ገንዘብ መምህር ሊያመጣው ይችላል። መምህሩ የጥናት ቦታ ይፈልጋል፣ እናንተ ቦታው አላችሁ። ሲመጣ ግን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥናቱ ሲያልቅ ምን ይቀርልናል? ማይክሮስኮፑ እዚሁ ይቆያል ወይስ ይሄዳል? ይህን ማንሳት ነውር አይደለም።

ደረጃ 5፦ አሁን ወደ ውጭ

መጀመሪያ ስለ ወቅቱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ካቆመ በኋላ የዕርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ በዚያው ዓመት ሥራውን አብቅቷል። በኤችአይቪና በወባ ፕሮግራሞች የተቀጠሩ ብዙ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋርጧል። ስለዚህ ዩኤስኤአይዲን እንደ ዋና ምንጭ የሚጠቅስ የቆየ ዝርዝር በቴሌግራም ቢደርሳችሁ አትድከሙበት። የቀሩት ሰጪዎች በር ላይ ወረፋው ረዝሟል። አነስ ያለና ጥርት ያለ ጥያቄ ከመቼውም በላይ ይጠቅማል።

ለአንድ ጤና ጣቢያ መጠን የሚመጥነው የኤምባሲዎች አነስተኛ ድጋፍ ነው። የጃፓን ኤምባሲ "ለሰብዓዊ ደኅንነት የሚውል የማኅበረሰብ ፕሮጀክቶች ድጋፍ" የሚሰጥበት ፕሮግራም አለው። ለአገር በቀል ድርጅት፣ ለአካባቢ መስተዳድርና ለጤና ተቋም ክፍት ነው። ግንባታና ዕቃ ይደግፋል። ደመወዝ፣ አላቂ ዕቃና የዕለት ተዕለት ወጪ አይደግፍም። ስለዚህ ጓንትና መድኃኒት ጠይቃችሁ አትጻፉ። የማዋለጃ ክፍል፣ ውሃ፣ የሕክምና መሣሪያ ጠይቁ፤ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማም አዘጋጁ። የአውስትራሊያና የካናዳ ኤምባሲዎችም አነስተኛ የአካባቢ ፕሮጀክቶች የሚደግፉበት አሠራር አላቸው። ጥሪው የሚወጣበት ጊዜና ትኩረቱ በየዓመቱ ይለያያልና ድረ ገጻቸውን እየገባችሁ ተመልከቱ።

በየአገሩ ባሉ የበጎ አድራጎት ክለቦች የሚሠራው ሮታሪ ሌላው ነው። የእናቶችና ሕፃናት ጤና፣ የበሽታ መከላከል፣ ውሃና ንጽሕና ከትኩረቶቹ ውስጥ ናቸው። ግሎባል ግራንት የሚባለው ቢያንስ የ30,000 ዶላር ፕሮጀክት ይፈልጋል። እዚህ ያለ አንድ ክለብና ውጭ አገር ያለ አንድ ክለብ መጣመር አለባቸው። ለአንድ ሮቶ ይበዛል። ለአምስት ጤና ጣቢያዎች ውሃ ግን ልክ ነው። ጤና ጣቢያዎች ተቧድነው ቢጠይቁ ጥሩ ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ከዚያ በሽታ ተኮር ድርጅቶች አሉ። እዚህ ላይ ቦታችሁ ይወስናል። ትራኮማ ከሆነ ካርተር ሴንተር በአማራ ክልል ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። መተማ፣ ቋራና ምዕራብ አርማጭሆ ከሆናችሁ ደግሞ የካላዛር (በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ፣ ከሊሽማኒያሲስ ዓይነቶች አንዱ የሆነ በሽታ) ነገር አለ። ሰሊጥ ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ በሽታውን ይዞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። ጎንደር ላይ ዩኒቨርሲቲው የሊሽማኒያሲስ የምርምርና ሕክምና ማዕከል አለው፤ ከዓለም አቀፉ የመድኃኒት ምርምር ድርጅት ዲኤንዲአይ ጋር ይሠራል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች ደግሞ አብድራፊ ላይ በካላዛርና በእባብ ንድፊያ ሕክምና ይታወቃሉ። እነዚህ ለእናንተ ጥሬ ገንዘብ ላይሰጡ ይችላሉ። ሥልጠና፣ የምርመራ ኪትና መድኃኒት ግን ገንዘብ ነው።

መፈናቀል ወይም ስደተኛ ያለበት ወረዳ ከሆነ የሰብዓዊ ዕርዳታ መስመሩን አትርሱ። ዳባት ወረዳ አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። በመተማ በኩል ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ሕዝብ ገብቷል። በእነዚህ ቦታዎች የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶችና አጋሮቻቸው የአካባቢውን ጤና ጣቢያም የሚያግዙበት አሠራር አለ። መነሻው "ስደተኛውም ነዋሪውም የሚታከመው እኛ ጋ ነው፣ ቁጥሩ ይኸው" ማለት ነው። በአገራችን በሰሜኑ ጦርነት ለተጎዱ አካባቢዎች ደግሞ የዓለም ባንክ በ2014 ዓ.ም. 300 ሚሊዮን ዶላር ያጸደቀለት የመልሶ ማቋቋም ፕሮጀክት አለ። ይህ በመንግሥት በኩል የሚሄድ ስለሆነ ወረዳችሁ ተካቷል ወይ ብላችሁ ዞኑን ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ጻፉ፣ ግን አታርዝሙ

በሁለት ገጽ ኮንሰፕት ኖት (የፕሮጀክቱ ሐሳብ ማጠቃለያ) ጀምሩ። ችግሩ ምንድነው፣ ማንን ይጎዳል፣ ምን ትሠራላችሁ፣ ስንት ይፈጃል፣ ከዚህ ውስጥ እናንተ ስንቱን ትሸፍናላችሁ፣ ሲያልቅ ማን ይጠግነዋል። በቃ። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው "ወረዳው ይከታተለዋል" ብሎ ያልፈዋል። ያ መልስ አይደለም። "ከውስጥ ገቢያችን በዓመት ይህን ያህል ብር ለጥገና እንመድባለን፣ ቦርዱ በዚህ ቀን አጽድቋል" ብትሉና ቃለ ጉባኤውን ብታያይዙ ከአሥር ተፎካካሪ ዘጠኙን ትቀድማላችሁ ባይ ነኝ።

እንግሊዝኛው አያስጨንቃችሁ። በአማርኛ በደንብ ጻፉትና የሚተረጉም ሰው ፈልጉ። ሐሳቡ ያልጠራ ጽሑፍ በየትኛውም ቋንቋ አይጠራም። ከሌላ ወረዳ ፕሮፖዛል ገልብጦ ስም መቀየር ደግሞ ይታወቃል። የደባርቅን ብርድ የሚገልጽ አንቀጽ መተማ ጤና ጣቢያ ላይ ሲገኝ ምን ሊባል ነው?

በጀቱ ላይ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን አስገቡ፣ ሰጪው ታክስ ይሸፍን እንደሆነም ጠይቁ። ሁለተኛ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ እጅግ ወርዷል። በብር ያሰላችሁት የመሣሪያ ዋጋ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ሊያረጅ ይችላል። ፕሮፎርማው የሚጸናበትን ቀን ተመልከቱ፣ ለዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያ ይፈቀድ እንደሆነ አረጋግጡ። ሦስተኛ ማጓጓዣን አትርሱ። ከጎንደር ከተማ እስከ በየዳ የሚሄድ ዕቃ የጫኝና አውራጅ፣ ሲከፋም የበቅሎ ዋጋ አለው።

የጸጥታውን ነገር አትደብቁ። ሰጪው ዜናውን ያውቃል። መንገድ ቢዘጋ ዕቃው የት እንደሚቆይ፣ ጎብኚ መምጣት ካልቻለ በምን እንደምትከታተሉ በአንድ አንቀጽ ጻፉ። ቀን ያለበት ፎቶ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ በስልክ የሚደረግ ሳምንታዊ ሪፖርት ይበቃል። ፎቶ ስታነሱ ግን የታካሚ ፊት አታንሱ። የምትወልድ እናት የፕሮፖዛል ማስዋቢያ አይደለችም።

ደረጃ 7፦ ቀኑና ሰዓቱ

ፕሮፖዛል በሰዓት አቆጣጠር ሲወድቅ ያንገበግባል። ማብቂያው "23፡59 በብራስልስ ሰዓት" ከተባለ በእኛ አቆጣጠር በአውሮፓ ክረምት ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ59፣ በአውሮፓ በጋ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ59 ነው። "5፡00 ፒኤም በአዲስ አበባ" ከተባለ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ቀኑንም በሁለቱም አቆጣጠር ግድግዳ ላይ ጻፉ። ኢንተርኔት በሚጠፋበት አገር ደግሞ የመጨረሻው ቀን የሚባለው ከማብቂያው ሦስት ቀን በፊት ያለው ነው። የደጋፊ ደብዳቤ፣ የቲን ሰርተፊኬት፣ የባንክ ማረጋገጫና የቦርድ ቃለ ጉባኤ ጥሪ ሲወጣ የሚሮጥባቸው አይደሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሁኑኑ ስካን አድርጋችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።

በዚህ መሐል አጭበርባሪ ይመጣል። "ፕሮፖዛላችሁ አልፏል፣ ለማስለቀቂያ ይህን ያህል ክፈሉ" የሚል ሁሉ ሌባ ነው። ትክክለኛ ሰጪ ለማመልከቻም ለማስለቀቂያም አያስከፍልም። "ከውስጥ ሰው አለኝ፣ አሥር በመቶ" የሚለውንም በዚያው ዓይን እዩት።

ዕቃ እንሰጣችኋለን ሲሏችሁ

ያገለገለ የሕክምና መሣሪያ ከውጭ ልላክ የሚል ደግ ሰው ይገኛል። ከመደሰታችሁ በፊት ጠይቁ። ስንት ቮልት ይሠራል? የእኛ 220 ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ማሽን በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል። መለዋወጫው እዚህ አለ? ማኑዋሉስ? መድኃኒት ከሆነ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት የቀረው ይሁን ይላል። መድኃኒትም ሆነ መሣሪያ ለማስገባት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድና የጉምሩክ ሒደት አለ። እነዚህ ሳያልቁ የተጫነ ዕቃ ወደብ ላይ ኪራይ ይበላል። እምቢ ማለት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን የማይሠራ ማሽን ክፍል ይይዛል፣ ለማስወገዱም ኮሚቴ ይፈልጋል። "ይህን አንችልም፣ በምትኩ ይህ ይጠቅመናል" ብሎ ዝርዝር መላክ ነውር የለበትም።

ገንዘቡ ከገባ በኋላ

የመጣው ዕቃ የዚያኑ ቀን በሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ገቢ ይደረግ። ቁጥር ይለጠፍበት። ገንዘብ ከሆነ ለብቻው መዝገብ ይከፈትለት። ከሌላ ወጪ ጋር የተቀላቀለ ደረሰኝ ኦዲተር ፊት ሰዓታት ያስፈጃል።

ሪፖርቱን ሳትጠየቁ ላኩ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ምን ተገዛ፣ ምን ተሠራ፣ ምን ዘገየ፣ ለምን። ሰጪው በኢሜይል ማሻሻያ ሳይፈቅድ የበጀት መስመር አትቀይሩ። ለቧንቧ የተሰጠ ብር ለቀለም ከዋለ፣ ቀለሙ የግድ የሚያስፈልግ ቢሆን እንኳ፣ ተመላሽ ሊጠየቅ ይችላል።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቁ። አንዳንዱ አይመልስም፣ አንዳንዱ ጥሩ አስተያየት ይልካል። ያንን አስተያየት ይዛችሁ ፕሮፖዛሉን አስተካክሉና ለሌላው ላኩ። ወረዳው ላይ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅም ያንኑ ሁለት ገጽ ይዛችሁ ሂዱ። ችግሩ፣ ቁጥሩና ዋጋው ተሠርቶ አልቋል።